ስማቸው የተነሣላቸው ጎረቤቴ

እናንተዬ፣ ስሙ ይነሣለት እንጂ አገር ገደል ቢገባ ግድ የሌለው ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ እንዲህ ያለ ጎረቤት አለኝ፤ ሐኪም ጋራ በሚባለው ሰፈራችን አጥር ብቻ ነው የሚለየን። ጋሽ ተሰማ የመድኃኒት ተመራማሪ ናቸው። ከኤረር በር ገበያ የሚገዙት አንድ ቅጠል ሳል ያድናል ብለው ውጭ አገር መጽሔት ላይ ከጻፉ ወዲህ፣ «ማን ጠቀሰኝ?» እያሉ ፖስታ ቤቱን አሰለቹት።

ባለፈው እሑድ በግ አርደው ጠሩን። አንድ ፈረንጅ በጽሑፉ ጠቅሷቸዋል! መጽሔቱን ተቀብዬ አነበብኩና ጠጋ ብዬ፣ «ጋሼ፣ ሰውዬው እኮ ቅጠሉ ሳንባ ይጎዳል ነው የሚለው» አልኳቸው።

«አይቼዋለሁ። ግን ጃንሆይ ይሙቱ፣ ከስሜ አንድ ፊደል አልሳተም!»

ይኼኔ እናታቸው ጋሽ ተሰማ ያፈሉላቸውን ያንኑ ቅጠል ጨልጠው ከጓዳ ወጡ። በደስታ እልልታውን ጀመሩት፤ ሳሉ ግን አላስጨርሳቸው አለ።