ፍሬን አይታይም

(ሱሉልታ፤ በጃንሆይ ዘመን፣ በሚያዝያ ወር፣ ዓርብ ጧት። ከገበያው ሜዳ አጠገብ መኪኖች ለዓመታዊ ምርመራ ተሰልፈዋል። ያለፈ መስታወቱ ላይ ቦሎ ይለጠፍለታል፤ የወደቀ ታርጋው ይፈታና ባለቤቱ በእግሩ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ከሰልፉ መካከል ድርቆሽና ወተት ወደ አዲስ አበባ የሚያመላልስ አንድ አሮጌ ካሚዮን ቆሟል። ባለቤቱ አቶ ወንዳፍራሽ ጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ናቸው፤ ሹፌሩ ነገሳ የዚሁ የሱሉልታ ሰው ነው። ወንዳፍራሽ ጋቢያቸውን ተከናንበው ያዝዛሉ። ነገሳ ተንበርክኮ ጎማውን የጫማ ቀለም ይቀባል።)

ነገሳ፦ አንድ ቆርቆሮ ለስድስት ጎማ አይበቃም አልኩ እንጂ አልቀባም አላልኩም።

ወንዳፍራሽ፦ ይበቃል። በውጭ በኩል ያለውን ብቻ ቀባ።

ነገሳ፦ የውስጡስ?

ወንዳፍራሽ፦ የውስጡን ማን ያየዋል?

ነገሳ፦ ጎማው።

ወንዳፍራሽ፦ ጎማ ዓይን የለውም ነገሳ።

ነገሳ፦ እሱስ የለውም። ዓይን ቢኖረው መቼ እስከ ዛሬ አብሮን ይቆይ ነበር።

ወንዳፍራሽ፦ ስማኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ችሎት ሥር ተቀምጬ ስጽፍ የተረዳሁት አንድ ነገር ነው። መርማሪ የሚመረምረው የሚታየውን ነው። የማይታየውን የሚመረምር አንድ እግዚአብሔር ነው፤ እሱ ደግሞ ቦሎ አይለጥፍም።

ነገሳ፦ ኤዬ፣ እውነት ነው ጋሼ። እኔን ግን የሚያስፈራኝ መርማሪው አይደለም፣ እንጦጦ ነው። እንጦጦ የሚታየውንም የማይታየውንም ይመረምራል።

ወንዳፍራሽ፦ እንጦጦን የምንወርደው እሑድ ነው። ዛሬ ገና ዓርብ ነው። የእሑድን ፍርሃት በዓርብ መፍራት ብክነት ነው።

ነገሳ፦ እሑድ የምንጭነው እኮ ድርቆሽ አይደለም። ልጄን ነው፣ ደራርቱን።

ወንዳፍራሽ፦ ለእኔ ነው የምትነግረኝ? የጡት አባቷ እኔ አይደለሁም? ቡራዩ ድረስ ወርጄ ለወንዱ ወገን «ሙሽራችሁ በመኪና ትመጣላችኋለች» ብዬ ቃል የገባሁት እኔ አይደለሁም?

ነገሳ፦ አንቱ ነዎት። እኔ እንኳ አልለመንኩም ነበር።

ወንዳፍራሽ፦ አንተ ምን ትለምናለህ፣ ክብር አታውቅ። ዛሬ ቦሎ ካላገኘን ኬላው ላይ አስቁመው ያወርዱናል። አስበው፤ ሙሽራ በነጭ ልብሷ ከኬላው ገመድ አጠገብ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ። የቡራዩ ሰው ይህን ለልጅ ልጁ ያወራዋል። እንግዲህ ያን እንዳያወራ ነው እኔ ስባዝን የሰነበትኩት። ይኸው።

(ከጋቢያቸው ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ክላክስ ያወጣሉ።)

ነገሳ፦ ይህ የማን ነው?

ወንዳፍራሽ፦ የአለሙ፣ ቡራዩ ወፍጮ ቤት ያለው። ያ ኮፈኑ ላይ ያስቀመጥኩት መብራት የዳኜ ነው፤ እሱን ፍለጋ ሰበታ ድረስ ሄጃለሁ። ስፖኪዮው ደግሞ የኦቦ ዳዲ።

ነገሳ፦ የእኛ ስፖኪዮ ምን ሆነ?

ወንዳፍራሽ፦ የአለሙ መኪና ባለፈው ወር በእሱ አለፈ። እስካሁን አልመለሰውም።

ነገሳ፦ እነዚህስ ሰዎች ንብረታቸውን ለእኛ ሰጥተው በምን ሊያልፉ ነው?

ወንዳፍራሽ፦ ዞር በልና እይ። ዳኜ ከእኛ ኋላ ነው የተሰለፈው፣ ኦቦ ዳዲ ከዳኜ ኋላ። እኛ እንዳለፍን ዳኜ መብራቱን ነቅሎ የራሱ ላይ ያስራል። እሱ ሲያልፍ ለኦቦ ዳዲ ያቀብለዋል።

ነገሳ፦ ታዲያ መርማሪው አንዱን መብራት ሦስቴ ሊመረምረው ነው።

ወንዳፍራሽ፦ ይመርምረው። በአገሩ ላይ እንደዚህ በሚገባ የተመረመረ መብራት አይኖርም።

ነገሳ፦ እንዲህ ቁራጭ ቁራጩን ከምንዋስ የዳኜን መኪና ሙሉውን ብንዋሰው አይቀልም ነበር?

ወንዳፍራሽ፦ የዳኜ መኪና አይነሳም። በገመድ ተጎትቶ ነው የመጣው።

(ነገሳ መብራቱን በሲባጎ ማሰር ይጀምራል።)

ነገሳ፦ ጋሼ፣ አንቱ በሌሉበት ስለ ፍሬኑ—

ወንዳፍራሽ፦ ዛሬ እሱን አታንሳብኝ።

ነገሳ፦ እኔ ልልዎት የፈለግሁት—

ወንዳፍራሽ፦ አውቃለሁ። ከጥምቀት ወዲህ ፍሬን የለውም። ግን ከጥምቀት ወዲህ መቆም ያቃተህ ቀን ነበር?

ነገሳ፦ መቆሙንስ ቆሜአለሁ። አንዳንዴ በማርሽ፣ አንዳንዴ ጎማ ሥር በሚገባ ታኮ፣ አንድ ቀን ደግሞ በኦቦ ገርባ የገብስ ክምር።

ወንዳፍራሽ፦ ቆምክ አይደል? ታዲያ ምን ጎደለ?

ነገሳ፦ የኦቦ ገርባ ገብስ ነዋ።

ወንዳፍራሽ፦ ክላክስ ይታያል፣ መብራት ይታያል፣ ጎማ ይታያል። ፍሬን አይታይም። የማይታይ ነገር አለ ሲሉህ አለ ነው፤ የለም ሲሉህ የለም ነው። ነፍስስ ብትሆን እንደዚያው አይደለች? ይልቅ ተነሥና መልስህን እናጥና። አሁን እኔ መርማሪው ነኝ።

ነገሳ፦ አንቱስ የት ሄዱ?

ወንዳፍራሽ፦ እኔ እዚያ ቆሜአለሁ።

ነገሳ፦ (ዞሮ አይቶ) እዚያ የቆመው የሰው አህያ ነው።

ወንዳፍራሽ፦ እንዳለሁ ቁጠረውና ለመርማሪው መልስ። «ይህ መኪና ክላክስ አለው ወይ?»

ነገሳ፦ አለው ጌታዬ፣ ከዛሬ ጧት ጀምሮ።

ወንዳፍራሽ፦ «ከዛሬ ጧት ጀምሮ» አይባልም። «አለው» ብለህ አፍህን ግጠም።

ነገሳ፦ አለው።

ወንዳፍራሽ፦ «መብራቱ ይሠራል ወይ?»

ነገሳ፦ አለው።

ወንዳፍራሽ፦ ይሠራል በል።

ነገሳ፦ እንዴት ይሠራል ጋሼ? በሲባጎ ነው የታሰረው፣ ሽቦው ከምንም ጋር አልተያያዘም።

ወንዳፍራሽ፦ በዚህ ፀሐይ መብራት አብራ የሚል መርማሪ ከአማኑኤል ሆስፒታል ካልመጣ በቀር የለም። ቀጥል። «ፍሬኑስ?»

ነገሳ፦ ይሠራል።

ወንዳፍራሽ፦ እህ። አየህ? ስትፈልግ ትችላለህ። ዓይንህን እንኳ አላርገበገብክም።

ነገሳ፦ ስለሚሠራ ነው እኮ ጋሼ፣ ይሠ—

ወንዳፍራሽ፦ እንደሱ ነው፣ እንደሱ። እንዲያውም መሐላ ጨምርበት።

ነገሳ፦ ማርያምን፣ ይሠራል።

ወንዳፍራሽ፦ (በአድናቆት ራሳቸውን እየነቀነቁ) ችሎት ፊት ስንቱን ሐሰተኛ ምስክር አይቻለሁ። እንዳንተ ያለ አልገጠመኝም። ሂድ አሁን፣ ተራችን መድረሱን አይተህ ና።

(ነገሳ ሄዶ ይመለሳል።)

ነገሳ፦ ደርሷል። ግን መርማሪው አይጠይቅም አሉ።

ወንዳፍራሽ፦ አይጠይቅም ማለት?

ነገሳ፦ አንድም ቃል። ዳገቱ ራስ ላይ ወንበር አስወጥቶ ተቀምጧል። መኪናውን ወደ ላይ ያስወጣዋል፤ ባለቤቱን ታች በኖራ የተሰመረው ላይ ያቆመዋል። ከዚያ ሹፌሩን «ውረድና ባለቤትህ ዘንድ ስትደርስ ቁም» ነው የሚለው።

ወንዳፍራሽ፦ ይህ በየትኛው አንቀጽ ላይ ነው የሰፈረው?

ነገሳ፦ የራሱ ነው አሉ። «ባለቤቱ ያላመነውን መኪና እኔ ለምን አምናለሁ?» ይላል።

ወንዳፍራሽ፦ ከእኛ በፊት የነበረው ሰው ምን ሆነ?

ነገሳ፦ አቶ ውብአየሁ? ደህና ናቸው። ባሕር ዛፉ ውስጥ ገቡ።

ወንዳፍራሽ፦ መኪናው?

ነገሳ፦ መኪናው ቆሟል። የገቡት እሳቸው ናቸው። አንድ ጫማቸውን ሰው እየፈለገላቸው ነው።

ወንዳፍራሽ፦ (ጥቂት አስበው) ነገሳ፣ አንተ ታች ቁም። እኔ ልንዳው።

ነገሳ፦ አንቱ መንዳት መቼ ይችላሉ?

ወንዳፍራሽ፦ ቁልቁለት ለመውረድ ምን ችሎታ ይጠይቃል?

ነገሳ፦ ለመውረዱስ አይጠይቅም።

ወንዳፍራሽ፦ እንግዲያስ ለሩብ ሰዓት ባለቤቱ አንተ ነህ እንበል።

ነገሳ፦ ሊብሬው ላይ ያለው የአንቱ ስም ነው። መርማሪው ሊብሬውን ይዞ ነው ወደ ታች የሚያየው።

(ካሚዮኑ ዳገቱ ራስ ላይ ነው፤ ነገሳ መሪውን ይዟል፤ መርማሪው አጠገቡ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ወንዳፍራሽ ታች ኖራው ዘንድ ቆመዋል። ከላይና ከታች እየተጯጯሁ ይነጋገራሉ።)

ወንዳፍራሽ፦ ነገሳ፣ ምን ይላል?

ነገሳ፦ (አንገቱን በመስኮት አውጥቶ) ኖራው ላይ ይቁሙ ይላል።

ወንዳፍራሽ፦ ኖራው ላይ ነኝ።

ነገሳ፦ ከኖራው ኋላ ነዎት ይላል። ሲነጋገሩ ሲነጋገሩ ወደ ኋላ እየሄዱ ነው ይላል።

ወንዳፍራሽ፦ ይኸው ቀረብኩ። አንተ ግን በአንደኛ ማርሽ አድርገህ፣ ቀስ እያልክ ውረድ።

ነገሳ፦ በማርሽ አይሆንም ይላል። በዜሮ ይውረድ ይላል።

ወንዳፍራሽ፦ በዜሮ?

ነገሳ፦ በዜሮ። መጣሁ ጋሼ።

(ካሚዮኑ መንሸራተት ይጀምራል። የተዋሱት ስፖኪዮ ይንቀጠቀጣል።)

ወንዳፍራሽ፦ ቆይ። ቆይ አልኩህ ነገሳ። ኧረ በመድኃኔ ዓለም ቁም፣ ፍሬን የለውም!

(ካሚዮኑ ቁልቁለቱ አጋማሽ ላይ ይቆማል። ነገሳ አንገቱን ያወጣል።)

ነገሳ፦ ምን አሉኝ?

ወንዳፍራሽ፦ ፍሬን የለውም አልኩ። ጌታዬ መርማሪው፣ ይስሙኝ፤ ከጥምቀት ጀምሮ ፍሬን የለውም። እስካሁን የሚያውቀው እግዚአብሔር ነበር፤ አሁን እርስዎም ይወቁት።

ነገሳ፦ ሰምቷል ጋሼ። እየጻፈ ነው።

ወንዳፍራሽ፦ ክላክሱም የእኔ አይደለም፤ የአለሙ ነው፣ የቡራዩው። መብራቱ የዳኜ ነው፤ ያ ባርኔጣውን ዓይኑ ላይ የደፋው፣ እኔን አላውቀውም ለማለት ፊቱን ያዞረው። ስፖኪዮው የኦቦ ዳዲ ነው። ጎማውም የጫማ ቀለም ነው።

ነገሳ፦ ቀስ ይበሉ፣ አልደረስኩም ይላል። ከስፖኪዮው ይድገሙለት።

ወንዳፍራሽ፦ የኦቦ ዳዲ። ዳ፣ ዲ። ብቻ አንተ አትምጣብኝ ነገሳ። አንተም ልጅ የምትድር ሰው ነህ።

ነገሳ፦ አልመጣም ጋሼ። አንድ ነገር ግን ልጠይቅዎት።

ወንዳፍራሽ፦ ጠይቅ።

ነገሳ፦ እኔ አሁን የት ነኝ?

ወንዳፍራሽ፦ ቁልቁለቱ ላይ።

ነገሳ፦ ማርሹስ?

ወንዳፍራሽ፦ ዜሮ ላይ አይደል እንዴ ያልከኝ።

ነገሳ፦ ታኮ ይታይዎታል?

ወንዳፍራሽ፦ አይታየኝም።

ነገሳ፦ ታዲያ በምን ቆምኩ?

(ወንዳፍራሽ ጎንበስ ብለው የጎማዎቹን ሥር ያያሉ፤ ቀና ብለው ነገሳን ያያሉ።)

ወንዳፍራሽ፦ በፍሬን?

ነገሳ፦ በፍሬን። አንቱ ለክላክሱና ለመብራቱ ሲዞሩ እኔ መካኒክ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ አስመጥቼ አሠራሁት። ልጄን ጭኜ እንጦጦን የምወርድበት መኪና ነው እኮ። ልነግርዎት ስል አላስወራ አሉኝ። ማርያምን ብዬም ማልኩ።

ወንዳፍራሽ፦ እኔ ውሸት መስሎኝ ነው።

ነገሳ፦ እኔም እንደዚያ ሲያደንቁኝ ግራ ገብቶኝ ነበር።

(ካሚዮኑን ቀስ አድርጎ ያወርድና ከኖራው መስመር አንድ ክንድ ሲቀረው ያቆማል። ከዚያ ወደ ዳገቱ ወጥቶ ከመርማሪው ጋር ተነጋግሮ ይመለሳል።)

ወንዳፍራሽ፦ ምን አለ?

ነገሳ፦ ፍሬኑ አልፏል። ዛሬ እንደዚህ ያለ ፍሬን አላየሁም አለ።

ወንዳፍራሽ፦ ተመስገን። ታዲያ ቦሎውን ይስጠና።

ነገሳ፦ ያለፈው ፍሬኑ ነው። መኪናው ወድቋል።

ወንዳፍራሽ፦ በምን ምክንያት?

ነገሳ፦ ክላክስ የለውም፣ መብራት የለውም፣ ስፖኪዮ የለውም።

ወንዳፍራሽ፦ ይኸው አይደሉም እንዴ? ዕውር ነው?

ነገሳ፦ የሰው ናቸው ብለው አንቱ ነገሩት። እሱ እንኳ አልጠየቀም ነበር።

(ዳኜ ቢላ ይዞ መጥቶ ሰላምታ ሳይሰጥ ሲባጎውን ቆርጦ መብራቱን ይወስዳል። ኦቦ ዳዲ ስፖኪዮውን በካቻቢቴ ይነቅላል። አንድ ፖሊስ ታርጋውን ይፈታል። ከኋላ የነበረው ሰልፍ እየሳሳ ነው፤ መኪናው የሚነሳለት አስነሥቶ፣ የማይነሳለት እየገፋ ይሄዳል።)

ወንዳፍራሽ፦ (የካሚዮኑ መረገጫ ላይ ተቀምጠው) በማይታየው አልፈን በሚታየው ወደቅን። እንዲህ ያለ ፍርድ ስጽፍ አላውቅም።

ነገሳ፦ ይግባኝ አለው ይሆን?

ወንዳፍራሽ፦ አትቀልድብኝ። ለቡራዩ ሰዎች ምን ብዬ ልናገር ነው? ሙሽራዋ በምን ልትሄድ ነው? ይቅር በለኝ ነገሳ። ልጅህን በሠርጓ ቀን አዋረድኳት።

ነገሳ፦ አይዞዎት ጋሼ። ደራርቱ በበቅሎ ትሄዳለች። የአጎቷ በቅሎ ከጫንጮ ከመጣች ሰነበተች፤ ገብስ ስትበላ ከርማ ጠጉሯ ያበራል። እሷን ደግሞ ኬላ ላይ ቦሎሽን አሳዪ የሚላት የለም።

ወንዳፍራሽ፦ ሰነበተች? መኪናው እንደሚወድቅ አስቀድመህ በምን አወቅህ?

ነገሳ፦ የመኪናውን መውደቅ በምን አውቃለሁ? በመኪናውማ ተስፋ ነበረኝ፤ ባይኖረኝ ፍሬኑን ለምን አሠራዋለሁ። በቅሎዋን ያስመጣሁት አንቱ ሽማግሎቹ ፊት ተነሥተው «የመኪናውን ነገር ለእኔ ተዉት» ያሉ ጊዜ ነው። የዚያኑ ማታ ነው ሰው የላክሁት።

(ወንዳፍራሽ ጋቢያቸውን ያስተካክላሉ፤ ይጉረመረማሉ፤ እንደገና ያስተካክላሉ።)

ወንዳፍራሽ፦ በቅሎዋ አንድ ብቻ ናት?

ነገሳ፦ ኧረ ብዙ ናቸው። ለሚዜዎቹ አለ፣ ለአጎቶቿ አለ፣ ለዘፋኙም አለ።

ወንዳፍራሽ፦ ለጡት አባቷስ?

ነገሳ፦ ለአንቱማ ማን በቅሎ ያስባል ጋሼ፤ ባለ መኪና ነዎት።