የአባት ስኳር

(ትምህርት አልቆ ክፍሉ ባዶ ነው። ሰሌዳው ላይ «አስፈላጊ» እና «ቅንጦት» ተብሎ ተጽፏል። መምህሩ ጠመኔ ከእጁ ያራግፋል። የተማሪዋ የሚጡ አባት፣ ልብስ ሰፊው፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ እየጮኸ ይገባል።)

ልብስ ሰፊ፦ ሞቼ እገኛለሁ እንጂ ሻይ ያለ ስኳር አልጠጣም!

መምህር፦ ወንድሜ፣ ይረጋጉ እንጂ! ሻይ ቤት መሰለዎት?

ልብስ ሰፊ፦ ሚጡን በጀት ያስተማሯት እርስዎ አይደሉም? እናቷም «ጎበዝ» ብላ የቤቱን ወጪ አስረከበቻት። ይኸው ስኳሬን ቅንጦት ነው ብላ ሰረዘችው!

መምህር፦ (በኩራት) በዘጠኝ ዓመቷ! አስር ከአስር!

ልብስ ሰፊ፦ ለእሷ አስር፣ ለእኔ መራራ ሻይ!

መምህር፦ ስኳር ካልቀመሱ ይሞታሉ?

ልብስ ሰፊ፦ መሞት እንኳ አልሞትም። ፊቴ ግን አይፈታም።

መምህር፦ ካልሞቱ ቅንጦት ነው። አለቀ!

ልብስ ሰፊ፦ ትራሴንስ? «አባዬ፣ ክንድ አለህ አይደል?» ብላ ልትሸጠው ነው እኮ!

መምህር፦ ክንድ የለዎትም?

ልብስ ሰፊ፦ አለኝ።

መምህር፦ ታዲያ! ወይ ጉድ፣ ከእርስዎ ይልቅ ልጅዎ ቶሎ ይገባታል።

ልብስ ሰፊ፦ (ራሱን እያከከ) እሱስ ልክ ነዎት፣ የእኔ ጭንቅላት ድርቅ ያለ ነው። ግን እሷንም ግራ ያጋባት ነገር አለ። መምህርን ጠይቅልኝ ብላኛለች።

መምህር፦ ይጠይቁ፣ ይጠይቁ! በጀት ላይ ከእኔ የሚያመልጥ የለም።

ልብስ ሰፊ፦ ሰው ጠዋት በነጻ የሚያገኘውን ነገር፣ ያንኑ ራሱን፣ ከሰዓት በኋላ ከፍሎ ቢገዛው... አስፈላጊ ነው ቅንጦት?

መምህር፦ (እየሳቀ) ይሄማ ቅንጦትም አይደል፣ ጅልነት ነው!

ልብስ ሰፊ፦ ይሰረዝ?

መምህር፦ ዛሬውኑ!

ልብስ ሰፊ፦ ሻጩ «ልጆች አሉኝ» ብሎ ቢለምንስ?

መምህር፦ በጀት አንጀት የለውም! ይሰረዝ አልኩ!

(ከመስኮቱ ስር የልጆች ጭብጨባና ፉጨት ይቀልጣል።)

መምህር፦ እነማን ናቸው ደግሞ?

ልብስ ሰፊ፦ ሚጡና የክፍሏ ልጆች። መልሱን ከራስዎ አፍ ለመስማት ነው የመጡት። ከሰዓት በኋላ እየከፈሉ የሚማሩትን ማጠናከሪያ ሰርዘውታል።

መምህር፦ (ደንግጦ) ማጠናከሪያዬን? ኧረ በፈጠረዎት! የቤት ኪራዬ እኮ ነው! ደግሞስ ምኑ ነው «ያንኑ ራሱን»? ጠዋት የማስተምረው ግማሹን ብቻ ነው፤ ዋናው ያለው ከሰዓት ነው!

ልብስ ሰፊ፦ ቀስ ይበሉ፣ ይሰማሉ።

(ከመስኮቱ ስር የአንዲት ልጅ ድምፅ፦ «ሰማችሁ?»)

መምህር፦ (በሹክሹክታ) እባክዎን፣ አባቷ ነዎት፤ አንድ ቃል ይንገሩልኝ!

ልብስ ሰፊ፦ እኔ? እኔ ስኳሬን የማስመልሰው እርስዎን ካስለፈለፍኩ ብቻ ነው ተብዬ የመጣሁ ሰው! ቅዳሜ ቤት ይምጡና ራስዎ ለሚጡ ያመልክቱ። ሰልፍ አለ፣ ከእናቷ ኋላ ይቆማሉ።

መምህር፦ ትሰማኛለች ግን?

ልብስ ሰፊ፦ (እየወጣ) እንጃ። ሻይ ግን እናቀርብልዎታለን። ስኳሩ የእኔ ብቻ ነው።