የጋሽ ሰይድ ባቡር ጥላሸት

ሰው ሁሉ የሚደክመው አሮጌውን አዲስ ለማስመሰል ነው። ለበዓል ቤቱን ኖራ ይቀባል፣ ለሠርግ ሽበቱን ያጠቁራል። የቢቸናው ታፔላ ጸሐፊ እኔ ግን፣ አዲስ ባቡር አሮጌ ላስመስል ሦስት ሳምንት ሙሉ ስጨነቅ ከረምሁ።

ባቡር ስላችሁ አትደንግጡ፤ ክንድ የማታክል የቆርቆሮ ሞዴል ናት። ባለቤቷ የአባቴ ወዳጅ፣ የሞጣው ጋሽ ሰይድ ናቸው። በወጣትነታቸው ድሬዳዋ ላይ የእንፋሎት ባቡር ምድጃ ከሰል ያጎርሱ ነበር። ልጃቸው የገዛችላቸው ሞዴል ግን እንደ ሙሽራ ጫማ ታብረቀርቃለች። «ይቺማ ሥራ ፈት ናት!» አሉና ወደ እኔ አመጧት። «ልጄ፣ ዓይኔ እየደከመ ነው። ጭራሽ ሳይጠፋ እንደዚያችው አጥቁረህ አሳየኝ» አሉኝ። እንዲህ ተብሎ እንቅልፍ አለ?

ምን ያላደረግሁት አለ? ከምድጃችን ጥላሸት ፋቅሁ። ሚስማር ኮምጣጤ ውስጥ ዘፍዝፌ ዝገት አመረትሁ። በስፖንጅ ነካ፣ በጨርቅ ጠረግ፤ በእውነተኛው ባቡር ውሃ የሚያንጠባጥበውን ቦታ ደግሞ በጠመኔ አነጣሁት። ከላይ ቫርኒሽ ልደርብበት አስቤ ነበር፤ ያብረቀርቃል ብዬ ፈራሁ። ጠዋት አነሰ፣ ማታ በዛ እያልሁ ምግብ እንኳ አልበላ አለኝ።

የመሄጃዬ ቀን ከመናኸሪያ የሞጣ መኪና ወንበር ይዤ ስመለስ፣ ባለቤቴ ባቡሯን በፎጣ ጠቅልላ ጠበቀችኝ። «አሳምሬልሃለሁ፣ አታሳፍረንም» አለችኝ። ጥቅልሉን መስሎኝ አመሰገንኋት። እስከ ሞጣ ድረስ ታቅፌ፣ መኪናው በዘለለ ቁጥር ለጥላሸቴ እየሰጋሁ ተጓዝሁ።

ጋሽ ሰይድ ፊት ፎጣውን ፈታሁ። ጥላሸት የለ፣ ዝገት የለ! ባቡሯ በሳሙና ታጥባ ፏ ብላለች፤ የከሰል ማስቀመጫዋም ቆሎ ተሞልቷል። ለካ ሚስቴ የሰው ዕቃ ቆሽሾም ባዶውንም አይመለስም ብላ ነው! እንደ ወጉ ያደረገችውን ምን ብዬ ልቆጣት? ደግሞስ የሽማግሌውን የመጨረሻ ምኞት በሳሙና አጥበን መጣን ብዬ እንዴት ልናገር?

ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት፣ እሳቸው ባቡሯን ዓይናቸው ላይ ሊለጥፏት ደርሰዋል። ጣታቸውን ቆሎው ውስጥ ሰደዱና «ከሰሉንም አልረሳኸውም» አሉ። ዓይናቸው እንባ ሞላ። እኔም ይቅርታውን ትቼ ፎጣዬን ማጣጠፍ ጀመርሁ።

«እጅህ ይባረክ» አሉኝ በመጨረሻ፤ «ጥላሸቱን ብቻ ትንሽ አበዛኸው።»

ይህን ለባለቤቴ አልነገርኋትም። ብትሰማ ሳሙናዋን ይዛ ሞጣ ትሄዳለች።