«ታስሯል?» የሚሉት መሪጌታ

ውሻ የሚፈራ አንድ የተከበረ ሰው የማይገኝበት ሰፈር የለም። የቁስቋም ሰፈሩ መሪጌታ ወልደኢየሱስ ናቸው፤ ዜማ ሲመሩ ደብሩን የሚያናውጡ፣ ቡችላ ሲያዩ ግን ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ይመኙሽ ኋላ የሚደበቁ።

ሰርግ ሲጠሩ፣ ሙሽራዋ የማን ልጅ እንደሆነች ሳይጠይቁ «ታስሯል?» ይላሉ። ለቅሶ ቤትም እንዲሁ። አንድ ቀን ጎረቤታቸው አያ ቢሻው፣ «ኧረ መሪጌታ፣ ውሻዬ ከሞተ ሁለት ዓመቱ!» ቢሏቸው፣ «በምትኩ ሌላ አልመጣም?» ብለው እደጅ ቀሩ።

ሰው ይስቃል፤ ይመኙሽ አይስቁም። የመሪጌታን የባት ጠባሳ ያውቁታል። ገና በአሥር ዓመታቸው፣ የቆሎ ተማሪ ሳሉ፣ ከአንድ ደጅ ቆመው «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲሉ ነው ውሻ የዘነጠላቸው። ከዚያ ወዲህ ውሻ ካዩ መንገድ ይቀይራሉ። በቀየሩ ቁጥር እፎይ ይላሉ፤ እፎይ ባሉ ቁጥር ፍርሃቱ ይሰባል። አንድ ቀን እንኳ በውሻ አጠገብ አልፈው፣ ምንም እንዳላደረጋቸው አላዩም።

የልጅ ልጃቸውን ምስጢርን ግን ውሻ ነክሷት አያውቅም። ሰባት ዓመቷ ነው። ዘንድሮ ከትምህርት ቤቱ ደጅ ውሻ ከተኛ አልቅሳ ትመለሳለች። መምህርቷ፣ «እንዲህ እየቀረች ከቀጠለች ክፍል ትደግማለች» ብላ ላከች።

«ምን አድርጎሽ ነው፣ የኔ ዓለም?» አሉ ይመኙሽ።

«ምንም። ውሻ ሲመጣ አባባ እጄን ጭምቅ ያደርገኛል። ያኔ ልቤ ይመታል።»

መሪጌታ ከጓዳ ሆነው ሰሙ። ዕድሜ ልካቸውን በቃል ያስተማሩ ሰው፣ ይህን ፍርሃት ግን ያለ አንድ ቃል አስተምረዋታል። ያን ቀን እህል አልቀመሱም።

እናቷ፣ አንድያ ልጃቸው፣ ካረፈች ወዲህ ጠዋት ጠዋት ደስ ብሏቸው ከቤት የሚወጡት ምስጢርን ሊያደርሱ ብቻ ነበር። በማግሥቱ ትንሿን እጅ ከእጃቸው አውጥተው በይመኙሽ መዳፍ አኖሯት።

«አንቺ ውሰጃት።»

«ምነው? አብረን እንሂድ እንጂ!»

«የለም። የኔ እጅ ያስፈራታል።»

ውሻው እንደ ልማዱ ከትምህርት ቤቱ ደጅ ተኝቷል። ይመኙሽ እጃቸውን ሳያጠብቁ፣ እርምጃቸውን ሳያፈጥኑ ቀጠሉ። ምስጢር ቆመች፤ ቀና ብላ ፊታቸውን አየች፤ አለፈች።

ይመኙሽ ሲመለሱ ከአጥሩ ጥግ መሪጌታን አዩ። ያን ሁሉ ውሻ ያለበት መንገድ ብቻቸውን ተከትለው መጥተዋል፤ ፊታቸው አመድ መስሏል፤ ዓይናቸው ልጅቷ የገባችበት በር ላይ ነው።

ይመኙሽ እንዳላዩ ሆነው፣ መሪጌታ ቤት እንዲቀድሟቸው ቀስ ብለው ተራመዱ።