ጉንፋን የያዘው ኮምፒውተር

ዓለምን ያስቸገሯት አላዋቂዎች አይደሉም። የማያውቅ ሰው አርፎ ይቀመጣል። ጣጣ የሚያመጣው ትንሽ አውቆ ለሌላው ማስረዳት የሚወድ ሰው ነው... ማለትም እኔ! አትሳቁ፤ እናንተም አላችሁበት። አክስቱን ቁጭ አድርጎ ስለ ኢንተርኔት ያላስረዳ ካለ እስቲ እጁን ያውጣ።

እንጀራዬ የሠርግ ቪዲዮ ኤዲት ማድረግ ነው። እስራኤል አገር፣ ናታንያ ከተማ፣ ኪርያት ሀሻሮን በሚባለው ሰፈር ካሉት ፎቆች በአንዱ፣ ሳሎናችን ጥግ ላይ ተቀምጬ ሰው ሲጨፍር ያመሸበትን እየቆራረጥኩ እቀጥላለሁ። ይህ ሥራ ኮምፒውተር ያግላል። ስለዚህ በውሃ የሚቀዘቅዝ አስገጠምኩ። ውሃ ስላችሁ የቧንቧ ውሃ እንዳይመስላችሁ፤ ለዚሁ የተዘጋጀ ሰማያዊ ፈሳሽ ነው። በቀጫጭን ቱቦዎች እየዞረ ሙቀቱን ይለቃቅምና ራዲያተሩ ጋ አራግፎ ይመለሳል። ጎኑ መስታወት ስለሆነ ሲዘዋወር ይታያል። እንግዳ በመጣ ቁጥር መብራት አጥፍቼ አሳያለሁ።

አማቴ እማማ የሺ አብረውን ነው የሚኖሩት። ከጎንደር ገጠር የመጡ፣ ነገር የማያመልጣቸው ሴት ናቸው። አንድ ቀን አጠገቡ ቆመው፣

"ይኸ ማሕሼብ ምን ሁኖ ነው እንዲህ የሚንተከተከው?" አሉኝ። ኮምፒውተር በዕብራይስጥ ማሕሼብ ነው።

እኔ ደግሞ ለጥያቄ የተራብኩ ሰው... "እማማ፣ ይቺ ፓምፕ ልቡ ናት። ቱቦዎቹ ደም ሥሮቹ ናቸው። ይሄ ሳንባው ነው፣ በዚህ ይተነፍሳል። ውሃም ይጠጣል።"

"ውይ! ልክ እንደ ሰው!"

"ልክ እንደ ሰው!" አልኩ፣ እኔ ሞኙ።

አሁን ወደ ጉዳዩ። የባለቤቴ የሪቭቃ ታናሽ እህት በቅርቡ ተድራለች። ቪዲዮውን የሠራሁት እኔ ነኝ። የሙሽራው ወገኖች ዓርብ ጧት፣ ሰንበት ሳይገባ፣ ከሬሖቮት መጥተው ሊያዩት እማማ የሺ ቀጠሮ ይዘዋል። ለሙሽራው እናት በስልክ፣ "የእኔ አማች የሠራውን ስታዪ ሌላውን ሁሉ ትረሽዋለሽ" ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እንግዲህ የእሳቸው ክብር በእኔ እጅ ነው፤ የእኔ ክብር በኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ። ቪዲዮው ሌላ ቦታ የለም። አዎ፣ ለደንበኞቼ ሁሉ "ሁለት ቦታ አስቀምጡ" እያልኩ የምመክረው እኔው ነኝ። ምክር ለሰው ነው!

ረቡዕ ጧት ደወሉ ጮኸ። ኮምፒውተሩ ሥር የተዘረጋች፣ በባትሪ የምትሠራ ቀጭን ሽቦ አለች፤ የፈሳሽ ጠብታ ሲነካት ትጮኻለች። ዘልዬ ኮምፒውተሩን ከኤሌክትሪክ ነቀልኩ። ሥሩን ብዳስሰው እርጥብ! አንዲት ጠብታ ዋናው የኤሌክትሪክ ቦርድ ላይ አርፋ ቢሆን ሙሽራም፣ ሙሽሪትም፣ ጭፈራም አብረው ነበር የሚቃጠሉት።

ወጉ እንደሚያዘው አደረግኩ። ሁሉን አደራረቅኩና በየመጋጠሚያው ነጭ ሶፍት ጠቀለልኩበት። ፈሳሹ ሰማያዊ ስለሆነ የሚያፈሰው ቦታ ሶፍቱን ያቀልመዋል። ከዚያ ሌላውን ሁሉ አጥፍቼ ፓምፑን ብቻ አስነሣሁና ጠበቅኩ። ሶፍቱ ሁሉ ነጭ! ደስ ብሎኝ ልነሣ ስል ደወሉ እንደገና ጮኸ። ሥሩ እርጥብ፣ ሶፍቱ ደረቅ። እንዲህ ያለ ሌባ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

መጋጠሚያ ውስጥ ያለ፣ የማላየው የጎማ ቀለበት ተበልቷል ብዬ ደመደምኩ። ፓምፑንም ከኤሌክትሪክ ነቅዬ፣ አዲስ ጎማ ልገዛ ወደ መሀል ከተማ ከመውጣቴ በፊት ሥራ ቦታ ላለችው ሪቭቃ ደወልኩ።

"ማ ቃራ? ምን ሆንክ?"

"ነዚላ አለው! በጣም ግሎ ነበር፣ ሥሩ ሁሉ ረጥቧል፣ ነዚላ ነው!"

እዚህ ላይ ትንሽ ዕብራይስጥ ልጨምርላችሁ። ቧንቧ ሲያፈስ "ነዚላ" ይባላል፤ አፍንጫ ሲያፈስ ደግሞ "ናዜለት"። ከአንድ ሥር የወጡ ቃላት ናቸው፤ ጆሮ አያይዞ ቢሰማቸው አይፈረድበትም። እማማ የሺ ከጀርባዬ "ምስኪን!" ሲሉ ሰማኋቸው። ለእኔ ያዘኑልኝ መስሎኝ አንጀቴ ራሰ።

ጎማዬን ይዤ ስመለስ ከሊፍቱ ገና ሳልወጣ የባሕር ዛፍ ሽታ ተቀበለኝ። በሩን ከፈትኩ። ሳሎኑ ጉም ለብሷል። ኮምፒውተሬ ከነሶፍቱ በወፍራም ብርድ ልብስ ተሸፍኗል፤ ሥሩ የፈላ ውሃና ቅጠል የሞላበት ድስት ተቀምጧል። እማማ የሺ አጠገቡ ሆነው የብርድ ልብሱን ጫፍ ይዘዋል።

"እማማ! ምን እያደረጉ ነው?"

"ቀስ በል፣ አታስበርግገው። ላብ ጀምሮታል።"

"እማማ፣ ይሄ እኮ ዕቃ ነው!"

"ዕቃ መሆኑን መች አጣሁት? ልብ አለው ያልኸኝ ማን ነው? ይተነፍሳል፣ ውሃ ይጠጣል አላልህም? ዛሬ ሲታመምብህ ነው ዕቃ የሆነው?"

ለአማት አይጮኽም። በረንዳ ወጥቼ ለናታንያ ሕዝብ ጮኽኩ።

ብርድ ልብሱን ስገልጠው ቦርዱ ላይ ጤዛ ወርዷል። ውሃ እንዳይነካው ስጠብቀው የከረምኩትን ዕቃ! እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እንባዬ መጣ። ተሸክሜ በረንዳ አወጣሁት፤ ሪቭቃ መጥታ በፀጉር ማድረቂያ፣ እኔ በማራገቢያ፣ ፀሐይዋም በአቅሟ... እስከ ሐሙስ ማታ ስናደርቅ ቆየን። እማማ የሺ በየመሀሉ ብቅ እያሉ "ፀሐይም ደግ ነው" ይሉናል።

ይህን ስናደርግ ነው ያ ደወል ከሳሎን የጮኸው። ልብ በሉ፤ ኮምፒውተሩ በረንዳ፣ ሽቦዋ ሳሎን! ሮጬ ገባሁ። ቀና ስል ከማዝጋኑ፣ ከግድግዳው አየር ማቀዝቀዣ፣ ጠብ... ጠብ... ግድግዳውን ተከትሎ ኮምፒውተሩ የነበረበት ቦታ ላይ ይወርዳል። የተደፈነው የማዝጋኑ ውሃ መውጫ ነበር። ኮምፒውተሬ ከመጀመሪያውም አላፈሰሰም!

"እማማ፣ ይምጡ ይዩ! ያፈሰሰው ማዝጋኑ ነው! ማሕሼቡ ምንም አልነበረበትም!"

መጡ፤ አንገታቸውን አቅንተው ጠብታውን አዩ። ከንፈራቸውን መጠጡ።

"አየህ? ከዚህ ነው የተጋባበት።"

ዓርብ ጧት እንግዶቹ ገቡ። ቁልፉን ተጫንኩ። ሰማያዊው መብራት በራ፣ ፓምፑ ተንተከተከ፣ ሠርጉ ምንም ሳይጎድልበት ከች አለ! የሙሽራው እናት የራሳቸውን እስክስታ ሲያዩ እልል አሉ፤ እማማ የሺ በኩራት ወንበራቸው ጠበባቸው። እኔም ደረቴን ነፋሁ። ለዚህች ቀን ነበር የለፋሁት።

ሲያልቅ የሙሽራው እናት "እንዲህ ያለ ነገርስ አይቼ አላውቅ! እንዴት ተሠራ?" ብለው ጠየቁ። እኔ ጉሮሮዬን ጠርጌ ላስረዳ ስል እማማ የሺ ቀደሙኝ። ጉንፋኑን ከነትኩሳቱ፣ ባሕር ዛፉን፣ ላቡን... አንድም ሳያስቀሩ ተረኩት። ማዝጋኑንም አልረሱም፤ "እሱን ገና አላጠንሁትም" አሉ። እንግዳው ሁሉ አፉን ከፍቶ ያዳምጣል። ወደ እኔ የዞረ የለም።

የሙሽራው እናት ጥቂት አሰቡና ከቦርሳቸው ስልካቸውን አወጡ።

"እኅቴ፣ የእኔም ሰሞኑን ይግላል። ይልፈሰፈሳል፤ ሞላሁት ስል ወዲያው ድክም ይላል። እስቲ እይልኝ።"

እማማ የሺ የእጃቸውን ጀርባ ስልኩ ላይ አሳረፉ።

"ትኩሳት አለው" አሉ። ከዚያ ወደ እኔ፣ ወደ ባለሙያው፣ ዞር ብለው፣

"ልጄ፣ በል ተነሥና ውሃ አፍላ።"