ባለሜትሩ ማሽን ሲመርጥ

መራጭ የሌለበት ቤት አለ ብትሉኝ አላምንም። ዝናብ ሲይዘው ሱቅ ገብቶ፣ ጃንጥላ ሲዘረጋና ሲያጥፍ ቆይቶ፣ ዝናቡ ሲያባራ «እንግዲህ ለሚቀጥለው» ብሎ ባዶ እጁን የሚወጣውን ሰው እናንተም ታውቁታላችሁ። ጫማ ሻጭ ከሩቅ ሲያየው ምሳ ሰዓት ሳይደርስ «ምሳ ልወጣ ነው» ብሎ ሱቁን የሚዘጋበት ሰው ነው። «መራጭ ከምራጭ ይወድቃል» ይባላል። የእኔው ግን ወድቆም አያውቅ፤ ምርጫውን መቼ ጨርሶ!

አዎ፣ እኔ ከመራጮች ሁሉ አለቃ ጋር ሃምሳ ዓመት ኖሬአለሁ። ባሌ ልብስ ሰፊ ነው። እሱ ጡረታ ከወጣ ቆይቷል፤ ሜትሩ ግን ገና ሥራ ላይ ነው፤ ከአንገቱ አይወርድም። ሕንፃችን ውስጥ ትልቁም ትንሹም «ጋሼ ሜትር» ይለዋል። የሚኖርበትም ሕግ አንድ ነው፦ «ልክ ሳይኖር መቀስ አይነሳም።» ሽንኩርት ሲገዛም ይህችን ይላታል።

የተዋወቅነውም በዚሁ ሜትር ነው። ኮረዳ ሳለሁ፣ ከአክስቴ ጋር ቀሚስ ላሰፋ ሱቁ ሄድኩ። ለካኝ፣ ጻፈ። በቀጠሮዬ ቀን ስመለስ ጨርቁ እንደታጠፈ ቁጭ ብሏል። «ሜትሩ አሳስቶኝ ነው፤ እንደገና ልለካሽ» አለ። ለካኝ። በሳምንቱም ሜትሩ አሳሳተው። በሦስተኛው አክስቴ፣ «ልጄ፣ አንተንስ ሜትር አይደለም ያሳሳተህ» አለችውና እሱም እኔም መሬት መሬት አየን። ቀሚሱ ሲያልቅ ግን፣ ምን ልበላችሁ፣ ከእኔ ጋር የተወለደ ይመስል ነበር።

አምና መታጠቢያ ቤት አንሸራትቶኝ ወደቅሁና ዳሌዬ ተሰበረ። ተጠገነ፤ ጎረቤቶች በወንበር ተሸክመው ሦስተኛ ፎቅ ቤቴ አወጡኝ። ከዚያ በኋላ አልወረድኩም። ሰባት ወር! ደረጃው አፍ ላይ እቆምና ቁልቁል ሳየው ጉድጓድ ይመስለኛል፤ ተመልሼ እቀመጣለሁ። ቤት እየመጣች እንቅስቃሴ የምታሠራኝ ባለሙያ፣ «እማማ፣ አጥንቱስ ድኗል፤ የቀረው ፍርሃቱ ነው» አለች። ለእግሬም ኤሊፕቲካል የሚሉትን ማሽን ግዙላት አለች። ሁለት መርገጫና ሁለት ረጅም እጀታ አለው፤ ቆመው ሲገፉት እግር ከመርገጫው ሳይነሳ ይራመዳል፣ አጥንት አያናጋም።

«ግዙላት» የምትለውን ቃል ለማን እንደተናገረች ምስኪኗ መች አውቃ!

በማግስቱ ክቡር ባለሜትር ኮቱን ለብሶ፣ የእኔን አሮጌ ጫማ በፌስታል ይዞ ወጣ። ሻጩ የሆነውን ሁሉ ኋላ ለልጃችን ነግሯት ነው የሰማሁት። ጫማዬን መርገጫው ላይ አስቀምጦ ዙሪያውን ለካ። ከዚያ ከቤት የወሰደውን ብርጭቆ ውሃ ሞልቶ ማሽኑ ላይ አኖረና፣ ኮቱን ሳያወልቅ ወጥቶ ይገፋ ጀመር፤ ውሃው ከፈሰሰ ማሽኑ ይንቀጠቀጣል ማለት ነው።

«አባቴ፣ ብርጭቆ እኛም ጋ አለ እኮ» ሻጩ ቢለው፣

«የሰው ብርጭቆ አላምንም። እርምጃው ስንት ነው?»

«ሃምሳ ሳንቲሜትር።»

«ባለቤቴ ሠላሳ ናት።»

«ይለምዱታል፣ አባቴ።»

«ልብሱ ነው ለሰው የሚሰፋው፣ ሰው ነው ለልብሱ?» ብሎ ብርጭቆውን ደፍቶ ወጣ።

እንዲህ እያለ የከተማውን ሱቅ ጨረሰ። አንዱ ወደ ኋላ ሲገፉት ያቃስታል፤ አንዱ እጀታው ለረጅም ሰው ነው፤ አንዱ ደግሞ «ዓይኔ አልወደደውም»። ቤት ውስጥ ሳሎኑን ለካ፣ የሳሎኑን በር ለካ፣ ማሽኑ ላይ ስወጣ ጭንቅላቴ እንዳይመታ ብሎ ጣሪያውን ለካ። እኔ! ቁም ሳጥን ላይ ያለ ብርድ ልብስ በሰው የማስወርደው ሴት!

እሁድ እሁድ በጠመኔው ኮሪደሩ ላይ መስመር ያሰምርና «እስቲ ተራመጂ» ይለኛል። ከኋላዬ እየተንበረከከ እርምጃዬን ይለካል። ሲለካ ከንፈሩን ይገጥማል፤ ስንት ዓመት መርፌ ሲይዝበት የኖረ አፍ ነው፣ መርፌው ባይኖርም አይከፈትም። ሠላሳ ነበርኩ፣ ሠላሳ አራት ገባሁ፣ አርባን አለፍኩ።

«አሁንስ ግዛው!» እለዋለሁ።

«ገና እያደግሽ ነው። ለሚያድግ ልጅ ጨርቅ አይቆረጥም።»

ልጃችን ግን የአባቷ ትዕግሥት የላትም። አንድ ቀን መጥታ መሃል ሳሎን ቆመች። «እማዬ፣ እስከ ወሩ መጨረሻ በእግርሽ ደረጃውን ካልወረድሽ፣ ይሄን ቤት አከራይተን እኔ ጋ ትገባላችሁ። የእኔ ቤት ደረጃ የለውም። አባዬ፣ አንተም ሰምተሃል።» በክፋት አይደለም፤ ሰግታ ነው። ግን የእኔ ቤት ይሄ ነው። መስኮቱ ሥር የስፌት መኪናው ያለበት፣ ግድግዳው የልጆቼን ቁመት በጠመኔ የያዘ። ያን ቀን እህል አልወርድ አለኝ። እሱ ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ጠቀለለው፣ መልሶ ፈታው።

ወሩ ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው ጠዋት ወጣ። ረፋድ ላይ ከታች ጩኸት ሰማሁና በመስኮት ባይ ማሽኑ ከመኪና ወርዶ፣ እሱና ሁለት ተሸካሚዎች ወደ ሕንፃው እያስገቡት ነው። ሙሉውን፣ እንደቆመ! ሻጩ በካርቶን የታሸገውን ልስጥህ ቢለው፣ «እኔ የለካሁት ይሄንን ነው፤ የካርቶኑን አላውቀውም» ብሎ ለማሳያ የቆመውን ነው የገዛው። ወዲያው ከደረጃው ሥር ጭቅጭቅ ተነሣ።

«አባት፣ በዚህ መጠምዘዣ አያልፍም!»

«አዘንብሉት።»

«አዘነበልነው እኮ! እንፍታው በቃ።»

«የተሰፋ ልብስ አይተረተርም!»

ከዚያ ማቃሰቱን ሰማሁ። የእሱን ድምፅ። ይሄ ሽማግሌ ወገቡን አሞት እያለ ሊያነሣው ነው! በደረጃው አፍ «ተው! አንተ ሰውዬ ተው!» ብዬ ጮኽኩ። ሲፈልግ የሚሰማ፣ ሳይፈልግ የሚደነቁር ጆሮ ነው ያለው፤ አልሰማም። ምርኩዜን አነሣሁ። ስወርድ ስለ ጉድጓዱ አላሰብኩም፤ የማስበው የማወርድበትን ስድብ ነበር። አንደኛውን መጠምዘዣ «ድሮም ግትር!» እያልኩ፣ ሁለተኛውን «ወገብህ ቢቆረጥ ማን ሊያስታምምህ ነው!» እያልኩ ወረድኩ።

ታች ስደርስ ተሸካሚዎቹ እኔን ያያሉ። እሱ ማሽኑን ተደግፎ ቆሟል፤ ላብ የለው፣ ድካም የለው። የሚያየው ፊቴን ሳይሆን እግሬን ነው፤ ከንፈሩም ገጥሟል።

«አንተ ሰውዬ» አልኩት፣ ትንፋሼ እየተቆራረጠ፣ «ጣሪያ የለካህ፣ ጫማ የለካህ፣ ሃምሳ ዓመት የወጣህበትን ደረጃ ሳትለካ ቀረህ?»

ሜትሩን አንገቱ ላይ አስተካከለ።

«ሜትሩ አሳስቶኝ ነው» አለ።

ማሽኑ ይኸው እስከ ዛሬ ከደረጃው ሥር፣ ከሳይክሎቹ አጠገብ ቆሟል። ጠዋት ጠዋት ወርጄ እገፋዋለሁ፤ ብርጭቆው ውሃ ሞልቶ አጠገቤ ይቀመጣል፤ ማሽኑም እንደዚያ ቀሚስ ልኬ ነው። ልጃችን አንድ ቀን የሕንፃውን በር ከፍታ ስትገባ እዚያው ላይ አገኘችኝ፤ ስለ ቤቱ ዳግም አላነሣችም።

ያን ቀን ግን ስድቡን ትቼ፣ ምርኩዜን አንዱን ተሸካሚ አስይዤ የእሱን ክንድ ያዝኩና፣

«ያን ሜትር እስካሁን አልቀየርከውም?» አልኩት።

«ምን በደለኝና!» አለ።