የእትዬ ዘርፌ ትከሻ

ጽሕፈቴን ይቅር በሉኝ። መስመሩ ሽቅብ ይወጣል፣ ፊደሉ እርስ በርሱ ይጋጫል፤ የትኛውን “ሰ” የት እንደምጥል እስከ ዛሬ አልለየሁም። ስድስተኛ ክፍልን የጨረስኩት እንደምንም ነው። መናገር ግን ከመጻፍም ይብስብኛል። ስለዚህ የባሰውን ትቼ መጥፎውን መርጫለሁ።

እኔ የምለው፣ ያገራችን ሰው ከተማ ሲገባ ምነው ስለ ጭፈራ ብቻ ያወራል? ከመካነ ብርሃን በላይ ካለች መንደር መጥተን ጎንደር የምንኖር ሰዎች በወር አንድ ቀን ማኅበር እንጠጣለን። መጠጣቱ የነሱ ነው፣ መቅዳቱ የኔ። ውርጩን የሚያነሳ የለም። ገብሱን የሚያነሳ የለም። ሁለተኛው ዋንጫ ላይ ወሬው ሁሉ ትከሻ ይሆናል። እገሌ እንዴት ይሰብቅ ነበር! እገሊት አንገቷን እንዴት ታደርገው ነበር! ባለፈው አያ ሞላ፣ ማኪና ላይ እህል የሚጭኑት፣ “ቆይ ላሳያችሁ” ብለው ተነሡ። አሳዩንም። ወዲያው ወገባቸው ያዛቸውና ሁለት ሰው ደግፎ አስቀመጣቸው። “ድሮ ቢሆን…” አሉ እያቃሰቱ።

ተሳቀ። ከሳቁ በኋላ ግን ሁልጊዜ ቤቱ ጭር ይላል። ቀጥሎ በወሬ የሚነሡት እትዬ ዘርፌ ናቸዋ!

እትዬ ዘርፌ ጎረቤታችን ነበሩ። እስክስታ ሲወርዱ ከወገብ በታች ቅዳሴ የቆሙ ይመስላሉ፤ የሚናገረው ትከሻቸው ብቻ ነው። አያ ሞላ እሳቸውን ሲያዩ ጠላውን ባፍንጫቸው ጠጥተዋል ይባላል። በጥምቀትም በሠርግም ከበሮው የሳቸው ነበር። ታዲያ አንድ ልጃቸው ወደ አዲ አርቃይ ቆላ ለሥራ ወርዶ በንዳድ ሞተባቸው።

በኛ መንደር ሐዘን ካለ ከበሮ አይመታም። ሐዘንተኛዋ ራሷ “ምቱ” እስክትል ይጠበቃል። የምትጠየቀው ደግሞ በሽማግሌ አይደለም፤ ሽማግሌማ ከሄደ አፍራ እሺ ትላለች። የሚላከው ልጅ ነው። ልጅን እምቢ ማለት ምን ያሳፍራል? ሸጋ ልማድ ነው፣ ልጁ ሸጋ ከሆነ።

እህቴ ልትዳር ሦስት ቀን ሲቀራት እናቴ እኔን መረጠች። “አንቺ ዝምተኛ ነሽ፣ አትጨቀጭቂያትም። አትጨምሪ፣ አትቀንሺ፤ ያለችሽን ብቻ አምጪ” አለችኝ። ያለ ከበሮ መዳር ለእህቴ ከመቀበር አይለይም። አንገቴን አቅፋ “በሞቴ፣ እሺ አሰኝልኝ” እያለች አለቀሰች።

ሄድኩ። ተመልሼም “ምቱ ብለዋል” አልኩ።

ከበሮው ተመታ። መንደሩ እንደዚያን ቀን ጨፍሮ አያውቅም። እትዬ ዘርፌ ብቅ ይላሉ ብሎ ሁሉም በር በሩን ያያል። እሳቸው ግን በራቸውን ዘግተው ዋሉ። ከዚያ ወዲህ ትከሻቸው አልተነቀነቀም። ከእናቴ ጋር ቤተ ክርስቲያን ሲገናኙ ፊታቸውን ያዞራሉ። እናቴም ነደዳት፤ “ራሷ ፈቅዳ ራሷ ታኮርፋለች? ምን በደልኳት?” መንደሩም ለእናቴ ፈረደ። በፋሲካ እንኳ እትዬ ዘርፌን የሚጠራቸው ጠፋ።

ማኅበሩም ላይ ይኸው ይደገማል። “ትከሻዋ ወርቅ፣ ልቧ ድንጋይ” ይላሉ አያ ሞላ። ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል። እኔ እቀዳለሁ።

ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ያን ቀን ቤታቸው አልገባሁም። አጥሩ ጋ ደርሼ በቀዳዳው አየኋቸው። የልጃቸውን ጋቢ ፀሐይ ላይ አስጥተው አጠገቡ ተቀምጠዋል። “ደኅና ዋሉ” ማለት አቃተኝ። ውሻ ፈርተሽ ነው እንዳትሉኝ፣ ውሻ የላቸውም። የፈራሁት “ግቢ ልጄ” እንዳይሉኝ ነው። ባቄላው ማሳ ዳር፣ የተጠየቀ ሰው መልስ እስኪሰጥ የሚፈጀውን ያህል ቆየሁና ተመለስኩ።

እትዬ ዘርፌ እምቢ አላሉም። እሺም አላሉም። የጠየቃቸው የለም።